ባለጋሪው ሩኒ
«ዌይን» የሚለው ስም ከየት መጥቶ የት ገባ?

«ስሙን ያዙት፤ ዌይን ሩኒ!»

ይህን ያለው የእንግሊዙ አይ ቲቪ ኮሜንታተር ክላይቭ ቲልድስሊ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2002፣ ቦታው የኤቨርተን ሜዳ ጉዲሰን ፓርክ ነበር። ጨዋታው 1 ለ 1 ሆኖ ሊያልቅ ሲል ተቀይሮ የገባው ልጅ ኳሷን አብርዶ ዞረና ከሩቅ ለቀቃት። የዴቪድ ሲማን እጅ አልደረሰባትም፤ አግዳሚውን ገጭታ ገባች። ለ30 የሊግ ጨዋታዎች ሽንፈት የሚባል ነገር ያላየው የአርሴን ቬንገር አርሰናል በአንድ የሰፈር ልጅ እጅ ሰጠ። ልጁ 17 ዓመት ሊሞላው ገና አምስት ቀን ይቀረው ነበር።

ዓለምም ስሙን ያዘው። ይሁንና የያዘው ግማሹን ነው። ሁላችንም የምንጠራው «ሩኒ» ብለን ነው። ከፊት ያለውን ስም አንዱ «ዋይኒ»፣ ሌላው «ዋይን»፣ ሌላው «ዌይን» እያለ ሲጽፈው ኖሯል። እኛ ለእንግሊዞቹ አጠራር የሚቀርበውን «ዌይን»ን መርጠናል። ወይን ከሚባለው ፍሬም ሆነ ጠጅ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። ታዲያ ምን ማለት ነው?

ጋሪ ማለት ነው። አዎ፣ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ! በድሮው እንግሊዝኛ ጋሪን የሚጠሩበት ቃል ነበር። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሰው በሥራው ይጠራ ስለነበር አንጥረኛው ስሚዝ፣ ዳቦ ጋጋሪው ቤከር ሲባል፣ ጋሪ የሚሠራው ወይም የሚነዳው ደግሞ ዌይን ተባለ። ስሙ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ዘለቀ። ለተወለደ ሕፃን የሚወጣ ስም ግን አልነበረም።

እንግዲህ በአማርኛ ይተርጎም ከተባለ «ባለጋሪው ሩኒ» መሆኑ ነው። በ2007 እና 2008 ክርስቲያኖ ሮናልዶ ጎል እንዲያዘንብ እሱ በመስመር በኩል ወደ ላይና ወደ ታች ሲሮጥ የተመለከተ የቀያይ ሰይጣኖቹ ደጋፊ «ባለጋሪው ሳይሆን ፈረሱ ነው» ቢል አንከራከረውም።

የጋሪ ሠሪው ስም የልጅ ስም ወደ መሆን የተሸጋገረው ግን እንግሊዝ ውስጥ አይደለም፤ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ነው። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ጄኔራል ነው። አንቶኒ ዌይን ይባላል፤ በ1745 ፔንስልቬንያ ውስጥ የተወለደ፣ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት እንግሊዞችን የተዋጋ ሰው ነው። በ1779 ስቶኒ ፖይንት የተባለውን ምሽግ በሌሊት ሰብሮ በመግባቱ ስሙ ገነነ፤ «እብዱ አንቶኒ» የሚል ቅጽል ስምም ነበረው። አሜሪካኖች ፎርት ዌይን የምትባለውን ከተማ በእሱ ሰየሙ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በጀግናው ስም መጥራት ጀመሩ። በነገራችን ላይ የባትማን እውነተኛ ስም ብሩስ ዌይን የሆነውም ከዚሁ ጄኔራል ተወስዶ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ስሙን ሊቨርፑል አያደርሰውም ነበር። ያደረሰው ሲኒማ ነው።

በ1907 አዮዋ ውስጥ ማሪዮን ሞሪሰን የሚባል ልጅ ተወለደ። ማሪዮን ሴቶችም የሚጠሩበት ስም ነው፤ ልጁ አልወደደውም። የሰፈሩ ሰዎች በቤተሰቡ ውሻ ስም «ዱክ» ሲሉት ግን ደስ አለው፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻ በዚሁ ተጠራ። ግዙፍ ስለነበር በዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫወተ። ጉዳት ደረሰበትና ኳሱ ሲቀር ሆሊውድ ገብቶ ዕቃ ተሸካሚ ሆነ። ዳይሬክተሩ ራኡል ዋልሽ እዚያ አይቶት በ1930 «ዘ ቢግ ትሬይል» ለተባለው ፊልም መሪ ተዋናይነት መረጠው።

ችግሩ ስሙ ነበር። ሽጉጥ ታጥቆ በፈረስ የሚጋልብ አክተር እንዴት ማሪዮን ይባላል? ዋልሽ የጄኔራሉን ስም ወስዶ «አንቶኒ ዌይን እንበለው» አለ። የስቱዲዮው አለቃ «ጣሊያን ያስመስለዋል» ብሎ እንቢ አለ ይባላል። በመጨረሻ ጆን ዌይን ተባለ፤ ባለቤቱ ስሙ ሲወጣለት በቦታው እንኳን አልነበረም። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ የዚህኛውን ግን ያወጣው ስቱዲዮ ነው።

የሚገርመው ፊልሙ ራሱ ስለ ጋሪ ነው። በጋሪ ተጭነው ወደ ምዕራብ አሜሪካ ስለተጓዙ ሰፋሪዎች ይተርካል። ገበያ ግን አላገኘም። ሰውየው ለዘጠኝ ዓመታት ያህል በርካሽ ፊልሞች ሲንከራተት ቆይቶ በ1939 የጆን ፎርድ «ስቴጅኮች» ኮከብ አደረገው። ይህስ ስለምን መሰላችሁ? መንገደኛ ስለሚያመላልስ የፈረስ ሠረገላ! ጋሪው አልለቀቀውም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ለአባቶቻችን እንተወው፤ የካውቦይ ፊልም ሲኒማ ቤት ገብተው ያዩ ሁሉ ጆን ዌይንን ያውቁታል።

ቃሉ ከእንግሊዝ ሲወጣ ጋሪ ነበር፤ ሲመለስ ካውቦይ ሆኖ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዌይን የሚለው ስም በእንግሊዝ ሠራተኛ ሰፈሮች የአሜሪካ ሽታ ያለው ዘመናዊ ስም ሆነ። ግሊን ኤሊስ የሚባለው የማንቸስተር ልጅ ዘፋኝ ሲሆን ለመድረክ የመረጠው ስም ዌይን ፎንታና ነው፤ በ1965 ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል። የሊቨርፑሉ ሰፈር ክሮክስቴት ነዋሪ የሆነው የሩኒ አባትም ዌይን ነው የሚባለው። በ1985 ልጅ ሲወለድለት ስሙን ሰጠው።

የዚያ ዘመን ፍሬዎች በኋላ ሜዳ ላይ ታዩ። ዌይን ብሪጅ በ1980፣ ዌይን ራውትሌጅ በ1985፣ የዌልሱ ግብ ጠባቂ ዌይን ሄንሲ በ1987 ተወለዱ። በ2006 የዓለም ዋንጫ የእንግሊዝ ስብስብ ውስጥ ሁለት ዌይኖች ነበሩ። የመድፈኞቹ ደጋፊዎች ይቅርታ ያድርጉልንና ይህ ስም ለእነሱ መራራ ነው። በ2002 የሆነውን ከላይ አየን። ኤፕሪል 6 ቀን 2004 በሻምፒዮንስ ሊጉ ሩብ ፍጻሜ ሃይበሪ ላይ በ87ኛው ደቂቃ ለቼልሲ አግብቶ ያሰናበታቸው ዌይን ብሪጅ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 24 ኦልድ ትራፎርድ ላይ የ49 ጨዋታው ያለመሸነፍ ጉዞ ሲቆም ሁለተኛውን ጎል ያገባው ሩኒ ነው፤ ያውም በ19ኛ ዓመት ልደቱ ቀን።

እንግሊዝ ውስጥ ግን ስሙ በሌላ ነገር ተበላሽቶ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮሜዲያኑ ሃሪ ኤንፊልድ በቢቢሲ «ዌይን» እና «ዌይኔታ» የሚባሉ ባልና ሚስት ይዞ ቀረበ። ሥራ የሌላቸው፣ ቤታቸው የቆሸሸ፣ ሲጋራና ፒዛ ከእጃቸው የማይለይ ዝርክርኮች ናቸው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ዌይን የሚለው ስም የድሃ ሰፈር መታወቂያ፣ የስድብ ያህል ሆነ። ሳቁ የወደቀው በኮሜዲያኑ ላይ ሳይሆን በየትምህርት ቤቱ ዌይን ተብለው በሚጠሩ ልጆች ላይ ነው። እኛ አገር ድሃ ልጁን ሀብቱ ብሎ ቢጠራው ማን ይስቅበታል? እዚያ ግን ስም ከየትኛው ሰፈር እንደመጣህ ያሳብቃል። ሩኒ ታዋቂ ሲሆን የታብሎይድ ጋዜጦች በሰፈሩ፣ በአነጋገሩና በመልኩ ሲያላግጡ ስሙ ነገሩን አመቻቸላቸው።

እሱ መልሱን በእግሩ ሰጠ። ለማንቸስተር ዩናይትድ 253፣ ለእንግሊዝ 53 ጎል። በክለቡ የቦቢ ቻርልተንን ክብረ ወሰን በጃንዋሪ 2017 ሰበረ፤ በብሔራዊ ቡድን ያለውን ደግሞ ሃሪ ኬን በ2023 እስኪያሻሽለው ድረስ ይዞት ቆየ።

ስሙን ግን አላዳነውም። ሩኒ ጎል በሚያዘንብባቸው ዓመታት የእንግሊዝና ዌልስ የስታቲስቲክስ ቢሮ ባወጣቸው የ100 ተወዳጅ የወንድ ስሞች ዝርዝሮች ውስጥ ዌይን አልነበረም። በ2011 አንደኛ የወጣው ማን መሰላችሁ? ሃሪ! ማልያውን «ሩኒ 10» ብለው የገዙት አባቶች ልጃቸውን ዌይን ለማለት አልደፈሩም። ከ1990 ወዲህ ተወልዶ በፕሪሚየር ሊጉ ስም ያወጣ ዌይን የሚያውቅ ካለ ይንገረን፤ እኛ ፈልገን አጥተናል።

ሩኒ ራሱ በኖቬምበር 2009 የመጀመሪያ ልጁን ሲያገኝ ከአባቱ የወረሰውን ስም ሁለተኛ ቦታ ላይ ነው ያስቀመጠው፤ ካይ ዌይን ሩኒ። ካይ በ2020 ለማንቸስተር ዩናይትድ አካዳሚ ፈርሟል። ሦስቱ ታናናሾቹ ክሌይ፣ ኪት እና ካስ ይባላሉ።