የሞቀ ሞተር የሚያቀዘቅዘው ገበያ

መርሳ ላይ ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ወልዲያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይቀረዋል። መንገዱ አጭር ቢሆንም ዳገት ነው። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ያለባት ሲሪንቃ 1,850፣ ወልዲያ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ መካከል ሞተሩ ከፈላ ኪሳራው የባለመኪናው ብቻ አይሆንም። ሹፌሩ ውኃ ሲፈልግ ቲማቲሙን ፀሐይ ይመታዋል፤ ነጋዴው የጠዋቱን ዋጋ ያጣል፤ የደላላውም ቃል ይታጠፋል።

ከፍታው ራሱ ለችግሩ ድርሻ አለው። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ ወልዲያ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በተለምዶ የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ሲሆን፣ ደህና ክዳን የመፍያውን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖም ሞተሩ ዳገት ላይ ሊፈላ ይችላል። በመሆኑም ምርመራው ከርካሹ ዕቃ መጀመር አለበት።

ቀጣዩ ጥያቄ «መቼ ነው የሚሞቀው?» የሚል ነው። ቆሞ ሲሠራ ሞቆ መንገድ ሲይዝ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ማራገቢያውንና ቺንጋውን ማየት ይገባል። ጭኖ ዳገት ሲወጣ ብቻ ከሞቀ ራዲያተሩ ከውጭ በአቧራ፣ ከውስጥ በዝቃጭ መደፈኑ ይጠረጠራል፤ የወንዝ ውኃ እየቀዱ መሙላት ይህን ያባብሳል። ሁልጊዜ ከሞቀ ተርሞስታቱና የውኃ ፓምፑ ይፈተሹ። ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም፤ በአንዳንድ ሞተሮች ውኃው ወደ ራዲያተሩ ሳይደርስ እንዲመላለስ ያደርጋል። ውኃው ሳይፈስ የሚጎድል፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚታይ ወይም ዘይቱ ወተት የሚመስል ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም።

መንገድ ላይ ከሞቀ ዳር ይዞ መቆም እንጂ «ትንሽ ልግፋ» ማለት አያዋጣም። ትኩስ ክዳን መክፈት ሰው ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ነጋዴውና ደላላው በጭነት ዋጋ ከመከራከራቸው በፊት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን አስከፍተው ቢያዩ ብልህነት ነው። አንድ ክዳን የሚያወጣው ገንዘብ አንድ ጭነት ቲማቲም ከሚያከስረው ጋር አይወዳደርም።