ወንበሩ የማን ነበር?

ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው፡፡ ከቆላ የሚወጣው አፋርና ከደጋ የሚወርደው አማራና ኦሮሞ የሚገናኙበት ገበያ ነው፡፡ ባለፈው ጉዞዬ አንድ ሻጭ መደገፊያው የተቀረጸ የእንጨት ወንበር አሳየኝ፡፡ «ጋሼ፣ የጥንት ነው፤ ከባላባት ቤት የወጣ» አለኝ፡፡

እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፡፡ አንደኛው፣ እውን የጥንት ነው ወይ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ አናጢዎች የጎቲክንና የሬኔሳንስን ቅርጽ እየኮረጁ ወንበር ይሠሩ ነበር፡፡ የቅርጹ ዕድሜና የወንበሩ ዕድሜ ለየቅል ናቸው፡፡ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማም ዛሬ ድረስ ይሠራል፡፡ ስለዚህ ወንበሩን ገልብጦ ማየት ይበጃል፡፡ የክብ መጋዝ እንጨት ላይ የቀስት ምልክት ይተዋል፤ የእጅ መጋዝ ግን ቀጥ ያለ መስመር ነው፡፡ ራሱ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ስለሆነ፣ ለጥገና የገባ ካልሆነ በቀር ብዙ ይናገራል፡፡

ሁለተኛው ጥያቄ የሕግ ነው፤ ወንበሩ የማን ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193፣ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የያዘ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል፡፡ አንቀጽ 1161 ደግሞ በቅን ልቦና ዋጋ ከፍሎ የተረከበን ገዥ ይጠብቃል፡፡ የተሰረቀ ዕቃ ከሆነ ግን ባለቤቱ ከቅን ገዥም ላይ ማስመለስ ይችላል፡፡

ሻጩን «ከማን ገዛኸው?» ስለው፣ «ከሟች ልጅ» አለኝ፡፡ «ሌሎቹ ወራሾችስ ተስማምተዋል?» ስለው ፈገግ ብሎ ዝም አለ፡፡

ነገሩ እኔንም ነክቶኛል፡፡ አባቴ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚቀመጡበትን ወንበር፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ከመካከላችን አንዱ ማንንም ሳያማክር ሸጠው፡፡ የጋራ ንብረትን ለመሸጥ የሁሉም ባለድርሻዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ አንቀጽ 1266 ይደነግጋል፡፡ ይሁንና ገዥው በቅንነት ከገዛ፣ ለእኛ የሚቀረን ሻጩን ወንድማችንን መክሰስ ብቻ ነበር፡፡ ለወንበር ብሎ ወንድሙን ማን ይከሳል? ተውነው፡፡

ምክሬ አጭር ነው፡፡ የሻጩ ስም፣ ቀኑ፣ ዋጋው፣ ዕቃው ከማን እንደመጣና የወራሾች ፊርማ በወረቀት ይሥፈር፡፡

የባቲውን ወንበር አልገዛሁትም፡፡ ከጠየቅሁና ከተጠራጠርኩ በኋላ ብገዛው ኖሮ፣ ቅን ልቦና ነበረኝ ብዬ ለመከራከር አፌን አልሞላም ነበር፡፡