ፎጣን የሚያለሰልሰው ነፋስና እጅ ነው

በጣና ሐይቅ አካባቢ፣ በሐሙሲትም ሆነ በወረታ፣ ታጥቦ ገመድ ላይ የዋለ የገላ ፎጣ ማታ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ድርቅ ያለ፣ ገላ የሚሞርድ ሆኖ ይገኛል። ጥፋተኛ የምትደረገው ፀሐይ ናት። መድኃኒቱ ደግሞ ልብስን እያሽከረከረ ሞቃት አየር የሚነፋው የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ብቻ ይመስላል፤ እሱ በሌለበት ቤት ሸካራ ፎጣ እንደ ዕጣ ፈንታ ይቆጠራል። ሁለቱም ግምት ስህተት ነው። ፎጣ የሚጠነክረው ሳይንቀሳቀስ በመድረቁና ሳሙናው ሳይወጣለት በመቅረቱ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማረም ማሽን አያስፈልግም። ከጣና በኩል የሚነፍስ ነፋስ፣ ንጹሕ ማለቅለቂያና ሁለት እጅ ይበቃሉ።

ለምን እንደሆነ ለማየት ከፎጣው አሠራር መነሣት ይሻላል። የገላ ፎጣ እንደ ነጠላ ወይም እንደ አንሶላ ልሙጥ ጨርቅ አይደለም፤ በሁለቱም ገጽ ላይ እንደ ቀለበት የታጠፉ ጥቃቅን ክሮች ቆመውበታል። ይህ አሸማመን ከቱርክ የመጣ ነው። ሄንሪ ክሪስቲ የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እዚያ አይቶት ወደ አገሩ ወሰደው፤ ከዚያም በፋብሪካ መሸመን ተጀመረ። ውሃ የሚመጥጡትም ለገላ የሚለሰልሱትም እነዚያ የቆሙ ክሮች ናቸው። ሲተኙና እርስ በርሳቸው ሲጣበቁ ፎጣው ክብደቱ ሳይቀንስ ይሳሳል፣ ይሻክራል፣ ይደርቃል። ስለዚህ ልስላሴን መጠበቅ ማለት ክሮቹ ቆመው እንዲደርቁ ማድረግ ማለት ነው።

ክሮቹን የሚያጣብቃቸው ምንድን ነው? በጃፓን የካኦ ኩባንያና የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የጥጥን ገጽ እጅግ ረቂቅ በሆነ መሣሪያ ተመልክተው፣ ደረቀ በተባለ ጥጥ ላይም ስስ የውሃ ንብርብር እንደሚቀር አሳይተዋል። ይህ ውሃ ከጥጡ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ጠባዩ ከተራ ውሃ ይለያል፤ በጎረቤታሞች ክሮች መካከል ሆኖ እንደ ሙጫ ያያይዛቸዋል። ጥጥ ውሃ ወዳድ ነው፤ መጠነኛ እርጥበት ባለበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ደረቅ የሚመስል ጥጥ እንኳ ከክብደቱ ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል። እንግዲህ ገመድ ላይ ጸጥ ብሎ የተንጠለጠለ ፎጣ ሲደርቅ ክሮቹ በተኙበት ቦታ፣ በዚያችው ውሃ እንደተያያዙ ይቀራሉ። የኤሌክትሪክ ማድረቂያው ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ፎጣውን ያለማቋረጥ እያነሣ ስለሚጥለው ክሮቹ ለመጣበቅ ፋታ አያገኙም። ሙቀቱ ሥራውን ያፈጥናል፤ ልስላሴውን በዋናነት የሚያመጣው ግን እንቅስቃሴው ነው። እንቅስቃሴ ደግሞ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ አይፈልግም።

ሁለተኛው ጠላት ሳሙና ነው፤ በእኔ ግምት በዚህ አካባቢ ከመጀመሪያው ይብሳል። በጣና ዙሪያ ያለው ምድር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከጉድጓድ የሚቀዳው ውሃም በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። ተራ የልብስ ሳሙና ከእነዚህ ማዕድናት ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። አረፋው እንቢ ሲል አጣቢ ሳሙና ይጨምራል፤ በተጨመረ ቁጥር ዝቃጩ በቀለበቶቹ ሥር ይከማቻል። የዱቄት ሳሙና ወይም ሁሉም በልማድ ኦሞ የሚለው ዓይነት ይህን ዝቃጭ ያን ያህል አይሠራም፤ እሱም ቢሆን ከበዛና በደንብ ካልታለቀለቀ ጨርቁ ላይ ደርቆ ይቀራል። ክረምት ላይ ወደ ጉማራ ወይም ወደ ርብ የሚወርድ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ወንዞቹ ከላይ የጠረጉትን ደለል ተሸክመው ወደ ፎገራ ሜዳ ስለሚገቡ፣ በዚያ ድፍርስ ውሃ የታለቀለቀ ፎጣ በክሮቹ መካከል ደቃቅ አፈር ይዞ ይመለሳል። ሌላ ውሃ ከሌለ በጄሪካን ቀድቶ ማሳደርና ከላይ የጠራውን ብቻ መጠቀም ይሻላል።

አያቶቻችን ጋቢና ቡሉኮ ሲያጥቡ የሳሙና ዝቃጭ ያላስቸገራቸው በእንዶድ ስለሚያጥቡ ነው። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን በተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ሳፖኒን እንደ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ተገናኝቶ ዝቃጭ አይሠራም። የደረቀውን ፍሬ ወቅጦ፣ በውሃ ዘፍዝፎ፣ አረፋውን ለጥጥ ልብስ ማዋል እውነተኛ እውቀት ነበር፤ ለገላ ፎጣም ይሠራል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትና የብልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል መድኃኒት ያገኙት ከዚሁ ልማድ ተነሥተው ነው፤ ግኝቱም በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓለም አቀፍ ሽልማት አብቅቷቸዋል። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣም ይገድላልና እጣቢውን ወደ ወንዝ ማፍሰስ አይገባም፤ ፍሬውንም ልጆች ከሚደርሱበት ማራቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። «ደጋግማችሁ አለቅልቁ ማለት ቀላል ነው፤ ውሃውን ከየት እናምጣ? ማንስ ይሸከመው?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ውሃ የምትቀዳው በአብዛኛው ሴት ወይም ልጅ ናትና ተጨማሪ ጄሪካን የሚጠይቅ ምክር ምክር አይባልም። መልሱ ያለው ግን ከማለቅለቁ በፊት ነው። ሳሙናውን በግማሽ መቀነስ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ማለቅለቂያ ይቆጥባል። ፎጣ እንደ ሥራ ልብስ ጭቃ የበላው አይደለም፤ የሚይዘው ላብና የገላ ቅባት ስለሆነ ብዙ ሳሙና አይሻም። ቀድሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል በለብታ ውሃ ብቻ መዘፍዘፍ የቆየውን ሳሙና ሳይቀር ያወጣል። በመጨረሻው የሳፋ ውሃ ላይ አንድ የቡና ስኒ አቼቶ ቢጨመር የቀረውን የሳሙና ዝቃጭ ይፈታዋል፤ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም አይቀላቀሉ፤ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርደው ውሃ አለ። የዝናብ ውሃ በድንጋይ ውስጥ ስላላለፈ ማዕድን የለበትም ለማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ካጠበው በኋላ የሚጠራቀመው ለማለቅለቂያ ከየትኛውም ይበልጣል።

ከሱቅ የሚገዛው ፈሳሽ የልብስ ማለስለሻስ? ያለሰልሳል፤ አይካድም። የሚሠራው ክሮቹን ቅባትነት ባለው ስስ ሽፋን ለብጦ እንዳይጣበቁ በማድረግ ነው። ለሸሚዝና ለሹራብ ይህ ደግ ነው። ለፎጣ ሲሆን ግን ያው ሽፋን በየእጥበቱ እየተደራረበ ጥጡ ውሃ መምጠጡን ይቀንሰዋል፤ ለእጅ የሚለሰልስ፣ ውሃውን ግን ገላ ላይ የሚገፋ ፎጣ ያተርፋል። ገንዘብ ተከፍሎበት ፎጣው ዋና ሥራውን ካጣ ጥቅሙ አይታየኝም።

ዋናው ሥራ ያለው አደራረቁ ላይ ነው። ፎጣን እንደ ገመድ ጠምዝዞ መጭመቅ ቀለበቶቹን ያስተኛቸዋል፤ ጠቅልሎ መጫን ይሻላል። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ይዞ ደጋግሞ በኃይል ማራገፍ ነው፤ ይህን የሚዘል ሰው የቀረው ድካሙ ግማሹ ይባክንበታል። የሚሰጣበትም ቦታ ይለያል። አጥር ላይ ወይም ቁጥቋጦ ላይ የተጣለ ፎጣ እሾህ ቀለበቱን ይመዝበታል፤ ድንጋይ ላይ የተነጠፈ ደግሞ ከሥሩ አየር አያገኝም። ገመዱ ነፋስ በሚያልፍበት መሆን አለበት። በቀን የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከጣና ወደ ምድሩ ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ይህን ነፋስ ፊት ለፊት የሚቀበል ገመድ ፎጣውን እያውለበለበ የማሽኑን ድርሻ ይሠራል። ፎጣው እርጥበቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንዴ ወርዶ ቢራገፍና ተገልብጦ ቢሰጣ ውጤቱ በእጅ ይታወቃል፤ ክሮቹ የሚጣበቁት በዚያች መጨረሻ ሰዓት ነውና። ከደረቀ በኋላም ገጽ ለገጽ ማሸት የተጣበቀውን ይፈታዋል። የፀሐይ ነገርም እዚሁ ይታያል። ፀሐይ ጀርምን ስለምታዳክም መሸሽ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ጨረሯ ይበረታል፣ ደርቆ ያበቃ ፎጣ ሲቆይባት ቀለሙ ይለቃል፣ ጥጡም እያረጀ ይሄዳል። የደረቀውን ወዲያው ማውረድ ነው።

ክረምት ሲገባ ከልስላሴው ይልቅ ሽታው ያስቸግራል። በ2012 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች የእርጥብ ልብስን ሽታ የሚያመጣው በዋናነት ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ለይተዋል፤ ቀስ ብሎ በሚደርቅ ጨርቅ ውስጥ ይራባል። በደራ ወረዳ፣ ጉማራ ዳር ባለው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ታጥበው እርጥብ ፎጣ በፌስታል ቋጥረው የሚመለሱ ሰዎች ሳያውቁት ለዚህ ባክቴሪያ የሚመች ቤት ይሠሩለታል። እቤት እንደተደረሰ ፈትቶ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅና መስቀል ያስፈልጋል። የሸተተን ፎጣ ሳሙና ማብዛት አያድነውም፤ በጣም ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጠብ ይሻላል። ዝናብ ሲውል ከሁለት ወገን ነፋስ በሚያገኝ በረንዳ ላይ፣ ሳይታጠፍ መስቀል ነው። ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ፈጣን ቢሆንም ጭሱ በክሮቹ ውስጥ ይገባል።

«ሸካራ ፎጣ ገላን ጥሩ አድርጎ ያሻል፣ ደምን ያንቀሳቅሳል» የሚሉም አሉ። ለጠንካራ ገላ ምርጫቸው ነው፤ አራስ ልጅ፣ ቆዳው የሳሳ ሽማግሌ ወይም ቁስል ያለበት ሰው ባለበት ቤት ግን ምርጫው የእነሱ ብቻ አይደለም። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ድካም ከልማዳዊው እጥበት ብዙም አይበልጥም፤ ከሳሙናው የሚቀነሰው ከማራገፉ ጋር ይካካሳል። ቀለበቶቹ ተበልተው ሥረ ክሩ የታየ ፎጣ ሲሆን ግን አቼቶም ነፋስም አይመልሰውም፤ ቆርጦ የወለል መወልወያ ማድረግና አዲስ ሲገዙ ፎጣውን እጅ ላይ ይዞ ቀለበቶቹ ጥቅጥቅ ብለው መቆማቸውን ማየት ነው።