ጅሬን፣ ጊቤና ጎጀብ፦ የጦር ቦታዎችን ስለ መጎብኘት

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው ሰቃንና ሸቤን አልፎ ወደ ጎጀብ ቆላ ይወርዳል። መኪናው ድልድዩን ሲያቋርጥ ተሳፋሪው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቡና ዋጋ ያወራል፤ ወይም በሙቀቱ ያንቀላፋል። እኛም ስንት ጊዜ እንዲሁ አልፈናል። ወንዙን በደንብ ያየነው አንድ ቀን የመኪናችን ጎማ ፈንድቶ ከድልድዩ ወዲህ በቆምን ጊዜ ነው። ጎማው እስኪቀየር ወደ ውሃው ወረድን። ከመካከላችን አንዱ «ራስ እምሩ የተያዙት እኮ ጎጀብ ላይ ነው» አለ። ሌላው ደንግጦ «ይሄ ጎጀብ?» ሲል ጠየቀ። አዎን፣ ይሄው ጎጀብ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያሰብነው ያን ጊዜ ነው።

ለመሆኑ የጦር ቦታ ለምን ተራራ ላይ ወይም ወንዝ ዳር ይሆናል? ይህን ለገበሬ ማስረዳት ቀላል ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ የተለቀቀ ከብት በፈለገበት ይሄዳል፤ ልታግደው ብትፈልግ በሩጫ ትሞታለህ። በረት በር ላይ ግን አንድ ልጅ ዱላ ይዞ ቢቆም መንጋውን በሙሉ ያቆመዋል። የተራራ ማለፊያና የወንዝ መሻገሪያም እንደ በረት በር ነው። ከላይ ሆኖ በሩን የያዘ ጥቂት ሰው ከታች የሚመጣውን ብዙ ሰው ያስቸግራል። አባቶቻችን አምባ ይወዱ የነበረው ለዚህ ነው። ዓድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት በተራሮች መካከል ነው። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተደረገውም እንዲሁ።

የእኛ አገር፣ ማለትም የጅማና የቡናው አገር፣ እንደ ዓድዋ ስሙ የገነነ የጦር ሜዳ የለውም። ቢሆንም ባዶ አይደለም። ከጎጀብ እንጀምር።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ጦርነቱ አላለቀም ነበር። ምዕራቡ ገና አልተያዘም። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሽሬ ላይ ተዋግተው፣ ጎጃምን አቋርጠው፣ ጎሬ ገብተው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆኑ። ከእሳቸው ጋር ጥቁር አንበሳ የሚባል ማኅበር ተባበረ። ጥቁር አንበሳ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች ያቋቋሙት ነው። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የከብት ሐኪም ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች በሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች በሌሊት ከበው አቃጠሉ። ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ግን ሥራቸው ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሚያሳዝን ነው። ወደ አዲስ አበባ ለመገስገስ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። በየመንገዱ የሚያገኙት ሕዝብ ሁሉ ወዳጅ አልነበረም። በቀደመው አገዛዝ በጭሰኝነትና በገባር ሥርዓት የተማረረ ገበሬ ብዙ ነበር፤ የአዲስ አበባን ሰው በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሲገፉ ሲገፉ ወደ ደቡብ ወረዱ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ በጠላት ተከበቡ። ከኋላ ጠላት፣ ከፊት ውሃ፣ ከላይ አውሮፕላን። ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ።

ታኅሣሥ እዚህ አገር ቡና የሚለቀምበት ወር ነው። እኛ ወንዙ ዳር ቆመን ያሰብነው ይህንን ነበር። ሽቅብ ደጋው ላይ ቀይ ቡና ቅርንጫፉን አጉብጦት፣ እዚህ ታች የደከመ፣ የተራበ፣ ወባ የያዘው ጦር። ጎጀብ ዛሬም ቆላ ነው፤ ወባው የሚቀልድ አይደለም።

ከተያዙት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ተገደሉ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት ታሰሩ። ደሴት ማለት ዙሪያው ባሕር የሆነ መሬት ነው። ነገሩ ይገርማል፤ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ተሽሮ በተያዘ ጊዜ እዚያችው ፖንዛ ተወስዶ ታሰረ። ራስ እምሩ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው በማከፋፈል ይታወቃሉ።

አሁን ወደ ጊቤ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወርዳል፤ ድልድዩን ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ አበልቲ ሽቅብ ይወጣል። በግንቦት 1933 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ድልድዩን አፍርሶ በዚህኛው ወገን፣ ማለት በጅማ በኩል፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ መድፉን ጠምዶ ተቀመጠ። በረት በር ላይ የቆመውን ልጅ አስታውሱ። ወዲያ ማዶ ያለው የእንግሊዝ ጦር ነው ይባላል እንጂ ወታደሩ አብዛኛው አፍሪቃዊ ነበር፤ ከናይጄሪያና ከምሥራቅ አፍሪቃ የመጣ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ወንዙ ሞልቷል። በግንቦት መጨረሻ በጀልባ ተሻገሩ። የኢትዮጵያ አርበኞችም ጠላትን መውጫ መግቢያ ያሳጡት ነበር። ከእነሱ መካከል ስማቸው የገነነው ገረሱ ዱኪ ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ ተያዘች። የተረፈው የጠላት ጦር ወደ ምዕራብ ሸሽቶ፣ ሰኔ ሳያልቅ ደምቢ ዶሎ አካባቢ ከኮንጎ ለመጣው ጦር እጁን ሰጠ። የኮንጎ ገበሬ ልጅ ወለጋ ድረስ መጥቶ መዋጋቱን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አበልቲ ላይ ወርዳችሁ ወደ ገደሉ ብትመለከቱ ማንም ሳያስረዳችሁ ነገሩ ይገባችኋል። መጽሐፍ አሥር ገጽ ጽፎ የማያስረዳውን ዓይን በአንድ ጊዜ ያያል። መጎብኘት የምንለውም ይህንን ነው። ሄዶ ማየት፣ ያገሩን ሰው መጠየቅ፣ ምንም ሳይነኩ መመለስ።

ጅሬን ደግሞ ሌላ ነው። ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ ባለ ፎቅ የእንጨት ሥራ ነው። ብዙ ሰው ሄዶ በረንዳውን ያያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይመለሳል። እኛ ግን ጎብኚው አንድ ነገር እንዲጠይቅ እንፈልጋለን። ይህ የእንጨት ቤት ለምን ሳይቃጠል ቀረ?

መልሱ ከቡና ጋር የተያያዘ ነው። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ እምባቦ በሚባል ቦታ ተዋጉ። ሁለቱም የሚፈልጉት ከዓባይ ወዲህ ያለውን አገር፣ የጊቤን የቡናና የዝሆን ጥርስ ንግድ ነው። የሸዋን ጦር ይመሩ የነበሩት ራስ ጎበና ዳጬ አሸነፉ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ ዳግማዊ አባ ጅፋር ሁኔታውን አዩና ሳይዋጉ ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን እያስተዳደሩ ኖሩ። ይህን ምክር የሰጧቸው እናታቸው ጉሚቲ ናቸው ይባላል። ከፋ ግን አልገበርም አለች። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቱባት። የጅማ ጦርም አብሮ ዘምቷል። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካ ሲታገሉ ቆይተው ተያዙ፤ በግዞት እንዳሉም ሞቱ። እንግዲህ ጎጀብ ከዚያም በፊት የጦር ወንዝ ነበር። ወንድም በወንድም ላይ የተሻገረበት ወንዝ ነው። ይህን ታሪክ ሸቤ ያለ ሰውና ቦንጋ ያለ ሰው አንድ ዓይነት አድርገው አይተርኩትም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ማዳመጥ ጥሩ ነው።

በዚያ ዘመን የጊቤ ነገሥታት ድንበራቸውን ያጥሩ ነበር። መጀመሪያ ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ምድር ይተዋል። ከዚያ ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል፤ በቦዩ መካከል ኬላ፣ ማለትም ዘብ የሚጠብቀው በር ይደረጋል። ከፋም እንዲሁ በጥልቅ ቦይ የታጠረች ነበረች። ኬላ የሚለውን ቃል ዛሬም ቡና ጭነን ስናልፍ እንሰማዋለን፤ ያኔም ነጋዴው በኬላ በኩል ነበር የሚያልፈው።

ወደ ሌላ አገር እንሻገር። በአውሮፓ አልፕስ የሚባል ታላቅ የተራራ ሰንሰለት አለ፤ ራሱ ላይ በጋ ከክረምት በረዶ የማይለየው። በ1907 ዓ.ም. ኢጣሊያና ኦስትሪያ ጦር ገጠሙ። ከሦስት ዓመት በላይ ተራራ ለተራራ ተዋጉ። ዋሻ ፈለፈሉ፤ በገደል ላይ የብረት መሰላል ሰቀሉ። ፓሱቢዮ በሚባለው ተራራ የኢጣሊያ ወታደሮች 52 ዋሻ ያለው፣ ከ6 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ሠሩ፤ ስንቅ የሚያመላልሰው በቅሎ በጠላት መድፍ እንዳይመታ ነው። በታኅሣሥ 1909 ዓ.ም. ማርሞላዳ በሚባለው ተራራ የበረዶ ናዳ ወርዶ ከ200 በላይ ወታደር በተኙበት ቀበረ። የገደላቸው ጠላት ሳይሆን ተራራው ነው።

ዛሬ ያን ዋሻና መንገድ ከየአገሩ የሚመጣ ሰው ይጎበኘዋል። ያገሩ ገበሬ እንግዳ ያሳድራል፤ ወተቱንና አይቡን ይሸጣል። በረዶው ዓመት በዓመት እየቀለጠ ስለሆነ አልፎ አልፎ የወታደር አስከሬን ከነልብሱ ብቅ ይላል። በነገራችን ላይ በአልፕስ ተራራ የሠለጠነው የኢጣሊያ ጦር በኋላ ወደ እኛም መጥቷል። በ1928 ዓ.ም. አምባ አራዳምና ማይጨው ላይ የተዋጋው ፑስቴሪያ የሚባለው ክፍል የተራራ ጦር ነበር። ተራራ መውጣት የሚያውቅ ሰው ተልኮብን ነበር ማለት ነው።

ከአልፕስ ሰዎች ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ጦርነቱ እንዳለቀ ያ አገር ደኽይቶ ነበር። ገበሬው የወደቀውን ጥይት፣ መድፍና ሽቦ እየለቀመ ለብረት ነጋዴ መሸጥ ጀመረ። ቤተሰቡን የመገበው ብዙ ነው። ያልፈነዳውን ሲቀጠቅጥ እጁን ያጣውና የሞተውም ብዙ ነው። እኛስ ዘንድ? ቡና ሲኮተኮት ወይም ጉድጓድ ሲቆፈር የዛገ ብረት ይወጣል። ልጅ መጫወቻ ያደርገዋል፤ ቆራሊዮ ይገዛዋል፤ ቀጥቃጭ እሳት ውስጥ ይከተዋል። ባሩድ ከዛገ በኋላም ይፈነዳል። ምን እንደሆነ ያላወቃችሁትን ብረት አትንኩት፤ አታንቀሳቅሱት፤ ምልክት አድርጋችሁ ልጆችን አርቁና ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ንገሩ። እዚህ ላይ ደፋር መሆን ሞኝነት ነው።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ጥሩው ጊዜ ለቀማው ካለፈ በኋላ ጥርና የካቲት ነው፤ መንገዱ ደረቅ ነው፤ እጅም ጥቂት ብር ይይዛል። ጅሬን ከጅማ በእግርም ይደረሳል። ጎጀብ የሚያድር አጎበር ይያዝ። ጅማ ከተማ ባለው ሙዚየም፣ ማለትም የጥንት ዕቃ በሚቀመጥበት ቤት፣ የአባ ጅፋርን ዕቃ ታያላችሁ።

በመጨረሻ አንድ ያየነውን እንንገራችሁ። ከጅማ ራቅ ባለ አንድ ቀበሌ አንድ ገበሬ ቡናው ውስጥ ያለ ረጅም ቦይ አሳየን። ግማሹ ተደፍኗል፤ የቡና ገለባ የሚጥለው እዚያ ነው። ጎርፍ የቆፈረው ይመስለው ነበር። የድንበር ቦይ ሊሆን ይችላል አልነው። ዝም ብሎ ቆየና «ልድፈነው ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠየቀን። መሬቱ ትንሽ ነው፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ደርሰውበታል። ተወው ለማለት አፋችን አልደፈረም፤ ድፈነው ለማለትም አልፈለግንም። የሰፈሩን ሽማግሌዎች እንዲጠይቅ ነገርነው። እሱም በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ለጊዜው ሳይነካ እንደሚያቆየው፣ ገለባውንም ወደ ጓሮ እንደሚያዞረው ነገረን። የታችኛው ላይ ግን ችግኝ አፍልቷል። ክረምቱ ሲገባ ይተክላል።