የረግረግ መሬት ዓይነቶችና በሕዝብ ኑሮ ውስጥ ያላቸው ስፍራ

በአማርኛ ቋንቋ ውኃ የሚተኛበትን መሬት የሚገልጹ ብዙ ቃላት አሉ። ረግረግ የሚባለው ሲረግጡት የሚሰምጥ እርጥብ መሬት ነው፤ ማጥና አረንቋ ግን ሰውም ሆነ ከብት ከገባበት በቀላሉ የማይወጣበት ጥልቅ ጭቃ ነው። ጨፌ ሣርና ቄጠማ የሚበቅልበት ለምለም መስክ ሲሆን፥ ባሕር ሸሽ የሚባለው ደግሞ የሐይቅ ውኃ በበጋ ሲጎድል ለእርሻ የሚለቀው የዳርቻ መሬት ነው። ከነዚህ ስሞች እንደሚታየው ባላገሩ መሬቱን የሚለየው በሚሰጠው ጥቅምና በሚያመጣው ጉዳት ነው።

የዛሬ ሊቃውንት እነዚህን ሁሉ በአንድነት ውኃ አዘል መሬት ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራን አገር በራምሳር ከተማ የተፈረመው ስምምነት ትርጓሜውን እጅግ አስፍቶታል፤ ይኸውም መሬቱ የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ፥ ውኃው ዘወትር የሚኖርም ሆነ በወራት የሚመጣ፥ ጨዋማም ሆነ ጨው የሌለበት፥ ሁሉም በዚሁ ስም ይጠቃለላል። የባሕር ጠረፍም ቢሆን ውኃው በሚሸሽበት ሰዓት ጥልቀቱ ከ6 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ይገባበታል።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ከነዚህ ዓይነቶች ብዙዎቹ ይገኙባታል። አንደኛው የደጋው ረግረግ ነው፤ በባሌ ተራሮች በሳነቴ አምባ፥ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ ዝናሙን ተቀብሎ ቀስ በቀስ ወደ ገናሌና ወደ ዋቢ ሸበሌ ለሚወርዱት ወንዞች ይለቃል። ሁለተኛው ወንዝ ሞልቶ የሚተኛበት ሜዳ ነው። በጋምቤላ የባሮ ውኃ በክረምት ሜዳውን ሲያለብስ የኑዌር ከብት አርቢዎች ወደ ከፍተኛው ስፍራ ይወጣሉ፤ በበጋም ውኃውንና ለምለሙን ሣር ተከትለው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ሦስተኛው እንደ ጣና ያለ የሐይቅ ዳርቻ፥ አራተኛውም እንደ አቢጃታ ያለው ጨዋማ ሐይቅ ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአዋሽ ላይ ከተሠራው የቆቃ ግድብ ጀርባ የተኛው ውኃ ሰው ሠራሽ ለሚባለው ምሳሌ ይሆናል።

የረግረግ ዋና ሥራው ውኃን ማዘግየት ነው። በክረምት በአንድ ጊዜ የሚወርደውን ጎርፍ ይይዛል፤ በበጋም ለምንጭና ለወንዝ ያካፍላል። ውኃው በሣሩና በደንገሉ መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። ግልገል ዓባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደለል በዳርቻው የሚቀርበት መጠን ሐይቁ ከመሞላት የሚድንበት መጠን ነው። ዓሣም ያለዚህ ዳርቻ አይበዛም፤ አምባዛ በክረምት ውኃ ወደ ሸፈነው ሜዳ ወጥቶ ይራባል፥ የሌሎችም ጫጩቶች በደንገሉ ውስጥ ከጠላት ይሸሸጋሉ።

በጣና ዙሪያ የሕዝቡ ጥበብ ከዚሁ መሬት ጋር የተሳሰረ ነው። ነገደ ወይጦ በሚባለው ማኅበረሰብ ዘንድ ደንገል አጭዶ፥ አድርቆና አስሮ ታንኳ መሥራት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው። ታንኳው ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከቀዘፋ በኋላ ወደ ምድር ተስቦ ይደርቃል፤ ዕድሜው አጭር በመሆኑም አዲስ ደንገል ዘወትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ደንገሉ ከዳርቻው ሲጠፋ የሚጠፋው ተክሉ ብቻ አይደለም፤ ታንኳውም፥ የአሠራሩ ዕውቀትም፥ የመሣሪያው ስምም አብረው ይጠፋሉ። በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ደግሞ ባላገሩ ውኃው ከሸሸ በኋላ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል።

የረግረግ በረከት እስከ ሃይማኖት ሥርዓት ይደርሳል። በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን የሚያድሉት፥ ምእመናንም በራሳቸው ላይ የሚያስሩት ቄጠማ የእርጥብ መሬት ተክል ነው፤ ትርጓሜውም የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችውን ርግብ ማሰብ ነው። በኦሮሞም ዘንድ ጨፌ የሚለው ቃል ለምለሙን መስክና በመስኩ ላይ የሚቀመጠውን ሸንጎ በአንድነት ይጠራል።

ረግረግን ማረስ ሁልጊዜ ማጥፋት ነው ማለት ግን አይደለም። በኢሉባቦር ሸለቆዎች ገበሬዎች ቦይ ቆፍረው ውኃውን በማንጠፍ በቆሎ ይዘራሉ፤ እህሉም የሚደርሰው የደረቁ መሬት ምርት ከጎተራ ባለቀበት ወቅት ስለሆነ ከረኃብ ያድናቸዋል። ልምድ ያላቸው ገበሬዎች የረግረጉን ራስ ሳይነኩ ይተዋሉ፤ ከመከር በኋላም ውኃው እንዲመለስ ቦዩን ይደፍናሉ። ጨፌ የሚባለው የቤት ክዳን ሣርም ተመልሶ ይበቅላል። ረግረጉ በሙሉ ተንጠፍጥፎ ከብት ሲሰማራበት ግን አፈሩ ይደርቃል፥ ይጠነክራል፤ ምንጩም ይርቃል።

ይህ ሚዛን ሲፈርስ የሚደርሰው በሐሮማያ ታይቷል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው ይህ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ ከልክ በላይ በመቀዳቱና በደለል በመሞላቱ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ዓመታት ደረቀ፤ ውኃ ተመልሶ የታየበት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በጣናም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ የዓሣ አጥማጁን መንገድና የከብቱን ግጦሽ ዘግቷል። አረሙን የሚያበረታው ወንዞች ከእርሻና ከከተማ ይዘውት የሚመጡት የአፈርና የቆሻሻ ምግብ ሲሆን፥ ደንገሉ በተመነጠረበት ስፍራ ይህን የሚያጣራ አይኖርም።

እንግዲህ ረግረግ ሥራ ፈት መሬት ተብሎ የሚቆጠረው ሥራው ስለማይታይ ነው። የእርሻው ምርት በኩንታል ይለካል፤ የተያዘው ጎርፍ፥ የቀረው ደለል፥ በበጋ ያልደረቀው ምንጭ ግን በሚዛን አይገቡም። አንድን ረግረግ ለማንጠፍ ከመቁረጥ በፊት መሬቱን በየስሙ ለይቶ የሚያውቀውን ባላገር መጠየቅ፥ ዕውቀቱንም ሳይጠፋ መመዝገብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።