የልብ ቫልቭ ለተተካለት ሰው ጽሕፈት ስለ መጠበቅ

የሰው ልብ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቁ አራት በሮች አሉት፤ ስማቸውም ቫልቭ ይባላል። በአሜሪካ አገር በኦሬገን ዶክተር አልበርት ስታርና መሐንዲሱ ሎዌል ኤድዋርድስ ያሰናዱት ቫልቭ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 በሰው ልብ ከገባ ወዲህ፥ የተበላሸውን መተካት በብዙ አገር ተስፋፍቷል።

የሚተካውም ሁለት ዐይነት ነው። ከካርቦንና ከብረት የተሠራው ለረዥም ዘመን ይጸናል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት በሽተኛው ዋርፋሪን የሚባለውን መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ ይውጣል። ከከብት የልብ ሽፋን ወይም ከእሪያ ቫልቭ የተዘጋጀው ብዙ ጊዜ ይህን ዕድሜ ልክ አይሻም፤ ዳሩ ግን ቶሎ ያረጃል። ሁለቱን በሽተኞች ከውጭ የሚያይ አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ጽሕፈት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው በአሥረኛው የደዌ መዝገብ ሰው ሠራሹ ዜድ 95.2፥ ከእንስሳ የተገኘው ዜድ 95.3 ተብሎ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ቍጥሩ የትኛው በር እንደ ተተካ፥ የቫልቩንም ልክ አይናገርም።

ጥርስ የሚነቅለው ሐኪም ነገሩን ካላወቀ፥ ተሕዋስያን ቫልቩን እንዳይይዙት አስቀድሞ የሚሰጠውን መድኃኒት ይተዋል። ዋርፋሪንም ያለ ምክር ቢቋረጥ የረጋ ደም ቫልቩን ሊዘጋ ወይም ወደ አንጐል ሊሄድ ይችላል። መድኃኒቱ ፅንስን ሊጐዳ ስለሚችል፥ ሴት ከመፅነስዋ በፊት ከሐኪም ጋር ልትመክር ይገባታል።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ከሆስፒታል የተሰጠውን ካርድ እንደ ርስት ደብዳቤ ጠብቁት። የቫልቩ ዐይነትና ልክ፥ የተተካው በር፥ ቀኑና የመድኃኒቱ መጠን ይጻፍበት። አንዱ ግልባጭ በቤት ይቀመጥ፤ ሌላው ከበሽተኛው ኪስ አይለይ። በሽተኛው መናገር ባቃተው ጊዜ ስለ እርሱ የሚናገር ይህ ወረቀት ነውና።