የአውቶቡስ ዝና ከፋብሪካ ስም ይልቅ በመንገድና በጥገና ይመዘናል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጉንደ ወይን የሚጓዝ አውቶቡስ በአንድ ጉዞ ሁለት ፈተናዎችን ማለፍ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ነው። ሁለተኛው ከደጀን ተገንጥሎ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚያመራው፣ ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ሆኖ የቆየው መስመር ነው። በዚህ መስመር በመካከል የተበላሸ አውቶቡስ ለሕክምና የሚጓዘውን ሕመምተኛ፣ ለፈተና የሚሄደውን ተማሪና ለሥራ የተላከውን ሠራተኛ ከመንገድ ያስቀራል። የትኛው አውቶቡስ አስተማማኝ ነው የሚለው ጥያቄም ክብደት የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

በአውሮፓ አገሮች እያንዳንዱ ሕዝብ የሚያምነው አውቶቡስ አለው። በስዊድን ቮልቮና ስካንያ፣ በጀርመን መርሰዲስ ቤንዝ፣ ማንና ሴትራ፣ በጣሊያን ደግሞ ፊያትና ኢቬኮ ስማቸው የገነነ ነው። ለዚህም አንዱ ምክንያት መለዋወጫውና የሠለጠነው መካኒክ በቅርብ መገኘታቸው ነው። የሃንጋሪው ኢካሩስ በሶሻሊስቱ ዘመን በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ ጀርመን በስፋት ያገለገለ ሲሆን፣ ያ ገበያ ሲፈርስ ምርቱም ተዳክሟል። በጀርመን የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡሶች በየዓመቱ ዋና የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ በሕግ መገደዳቸውም ለአስተማማኝነታቸው የራሱ ድርሻ አለው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ሁኔታ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ የፊያትና የኢቬኮ ተሽከርካሪዎችን በአዲስ አበባ በመገጣጠሙ፣ ጣሊያን ሠራሽ መኪና ለኢትዮጵያ መካኒክ እንግዳ አልሆነም። ባሌስትራ፣ ፊልትሮና ፍሬን የሚሉት ቃላት ዛሬም ከጋራዥ አለመጥፋታቸው ለዚህ ምስክር ነው። የአንበሳ አውቶቡስ ድርጅት የኔዘርላንዱን ዳፍ ለረጅም ጊዜ ተጠቅሟል። በገጠር መስመሮች ግን ሰፊ ቦታ የያዘው በጃፓኑ አይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ በአገር ውስጥ የሚሠራለትና ሕዝቡ «ቅጥቅጥ» የሚለው ተሽከርካሪ ነው። ምቾቱ አነስተኛ ቢሆንም ባሌስትራው ጠንካራ፣ መለዋወጫውም በየከተማው የሚገኝ በመሆኑ ተመራጭ ሊሆን ችሏል።

ይሁንና ዝና ሊያሳስት ይችላል። የአይሱዙ የጭነት መኪና በሚያደርሰው አደጋ ምክንያት «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም ቢወጣለትም፣ ፍጥነቱን የሚወስነው አሽከርካሪው እንጂ ፋብሪካው አይደለም።

አንድ አውቶቡስ ለጉንደ ወይን መስመር ብቁ መሆን አለመሆኑ በሚከተሉት ነጥቦች ሊታወቅ ይችላል። አንደኛው ፍሬን ነው። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው የአባይ ቁልቁለት የእግር ፍሬንን ብቻ አዘውትሮ መርገጥ ሸራውን ስለሚያግል የመያዝ ኃይሉን ያዳክማል። ስለሆነም አውቶቡሱ ረዳት ፍሬን ሊኖረው፣ አሽከርካሪውም በከባድ ማርሽ ሊወርድ ይገባል። ሁለተኛው ሞተር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ስለሚያጣ በደጋው ዳገት ይደክማል። ሦስተኛው የመሬት ከፍታና የአየር ፊልትሮ ነው። ለአውሮፓ አስፋልት የተሠራ ዝቅተኛ ወለል ያለው አውቶቡስ ጠጠርና አቧራ ባለበት መንገድ ቶሎ ይጎዳል።

ከዚህም በመነሣት የተሽከርካሪ ግዥ የሚፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ከመሸጫ ዋጋው ባሻገር የመለዋወጫ አቅርቦትን፣ የመካኒኮች ሥልጠናንና ተሽከርካሪው በአገልግሎት ዘመኑ የሚጠይቀውን ጠቅላላ ወጪ ማካተታቸው ተገቢ ነው። ርካሽ ተገዝቶ መለዋወጫ በማጣት በግቢ የቆመ አውቶቡስ ከሁሉ የከፋ ውድ ነው። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራም ለቦሎ መለጠፊያ ብቻ ሳይሆን ፍሬኑን በእርግጥ ለመፈተሽ ሊውል ይገባል። ለጉንደ ወይን መንገደኛ አስተማማኙ አውቶቡስ የአባይን ቁልቁለት በሰላም ወርዶ፣ ቢበላሽም በብቸና ወይም በሞጣ ጋራዥ ሊጠገን የሚችለው ነውና።